ከአባ ሳሙኤል እምቦጭ ጠቃሚ ኬሚካል ማውጣት፦ ከየት ልጀምር?

ከቱሉ ዲምቱ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ኬሚስትሪ ማስተርስ እየተማርኩ ነው፣ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። የቴሲስ ርዕስ የማስገባበት ጊዜ ደርሷል፣ ልቤ ደግሞ እምቦጭ ላይ ነው።

እምቦጭ ሲባል ሁሉም ሰው ጣናን ነው የሚያስበው። ጣና ላይ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያደረሰው ጉዳት ከባድ ነው፣ አልክድም። ግን አረሙ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታየው ቆቃ ግድብና አዋሽ ወንዝ ላይ ነው፣ በ1965 እ.ኤ.አ.። እዚሁ አፍንጫችን ሥር ደግሞ አባ ሳሙኤል ግድብ አለ፣ ትልቁና ትንሹ አቃቂ የአዲስ አበባን ጉድ ሁሉ ተሸክመው የሚገቡበት። አረሙ ቢነቀል ዳር ላይ ይከመራል፣ ይበሰብሳል፣ ከዚያ እንደገና ይበቅላል። ይሄ ሁሉ ተክል ምንም ሳይጠቅም መበስበሱ በጣም ነው የሚያንገበግበኝ።

ሳነብ ውስጡ ሺኪሚክ አሲድ እንደተገኘ አየሁ። ታሚፍሉ የሚባለው የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት የሚሠራበት መነሻ ማለት ነው። ስቲግማስቴሮል አለው፣ ፍላቮኖይድ አለው፣ ሌላም ብዙ። አድቫይዘሬ ግን «ፋይቶኬሚካል ስክሪኒንግ ሥሪና በጊዜ ጨርሺ» ነው የሚለኝ፣ ማለትም የትኞቹ የውህድ ቤተሰቦች እንዳሉ በቀላል ቴስት ማየት ብቻ። እኔ ከዚያ አልፌ አንድ ነገር ነጥዬ ማውጣት እፈልጋለሁ። የትኛውን ውህድ ልከተል? ሥሩን ነው ቅጠሉን የምወስደው? ውሃው እንደዚያ የቆሸሸ መሆኑስ ሥራዬን ያበላሸዋል? የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ሶክስሌት፦

እህቴ፣ ርዕሱ ጥሩ ነው፣ እንዳትተዪው። የተፈጥሮ ውህዶች ላይ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ትንሽ በዝርዝር ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ስክሪኒንጉ። ኤክስትራክቱን (ከተክሉ በማሟሚያ ፈሳሽ ያወጣሽውን) በውሃ ነቅንቀሽ አረፋ ከያዘ ሳፖኒን አለ ትያለሽ፣ ፌሪክ ክሎራይድ ጠብ አድርገሽ ወደ ሰማያዊ ወይ አረንጓዴ ጥቁር ካዘነበለ ፌኖል አለ ትያለሽ። ይሄ የውህድ ቤተሰብ እንጂ ውህድ አይነግርሽም። ከግቢሽ የቆረጥሽውን ማንኛውንም አረንጓዴ ቅጠል ብትፈትሺ ፌኖሉም ፍላቮኖይዱም ስቴሮሉም «አለ» ነው የሚልሽ። አልካሎይድ የሚፈተሽበት የማየር ሪኤጀንት ደግሞ ከአልካሎይድ ሌላ ፕሮቲንም ሊያዘቅጥ ይችላል። ስለዚህ አድቫይዘርሽን ለማስደሰት ሥሪው፣ አንድ ገጽ ይበቃዋል፣ ከዚያ እለፊ።

ስለ ሺኪሚክ አሲድ። በእምቦጭ ውስጥ መገኘቱ ትክክል ነው። ግን ዓለም የሚያገኘው ከስታር አኒስ ነው፣ ከቻይናው ቅመም። በዚያ ላይ ጂኑ የተስተካከለ ኢ ኮላይ ባክቴሪያ በፈርመንቴሽን ያመርተዋል። እምቦጭ ከነዚህ ጋር በዋጋ መወዳደር ይከብደዋል። ምክንያቱም ተክሉ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። አንድ ቶን ነቅለሽ ስታደርቂው በእጅሽ የሚቀረው ከ50 እስከ 100 ኪሎ ነው። ከደረቁ ውስጥ አንድ በመቶው ሺኪሚክ አሲድ ነው እንበል፣ ያም ሆኖ አንድ ቶን ተሸክመሽ ቢበዛ አንድ ኪሎ ነው የምታገኚው፣ እሱም ሲጣራ የሚባክነው ሳይቀነስ። ለቴሲስ ይሆናል። ለፋብሪካ ግን ገና ብዙ ሂሳብ ይቀረዋል።

እኔ ብሆን ስቴሮሎቹን ነው የምከተለው፣ እንደ ኮሌስትሮል ያሉትን ቅባት ነክ ውህዶች። ስቲግማስቴሮልና ቤታ ሲቶስቴሮል ሁለቱም አሉት። ስቲግማስቴሮል ትልቅ ታሪክ ያለው ውህድ ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ፐርሲ ጁልያን በ1940 ዎቹ መባቻ ላይ ከአኩሪ አተር ዘይት ካወጣው ስቲግማስቴሮል ፕሮጄስትሮን ሠርቶ፣ የሆርሞን መድኃኒት በብዛት እንዲመረት መንገድ ከፍቷል። አሠራሩም ለኛ አገር ላብ አይከብድም። ደረቁን ዱቄት በሄክሴን ወይ በፔትሮሊየም ኢተር ሶክስሌት (ሶልቨንቱን እያፈላ ደጋግሞ በዱቄቱ ላይ የሚያሳልፍ የላብ ዕቃ) ላይ ታወጪዋለሽ። ቅጠል ከሆነ ክሎሮፊልና ሰም አብሮ ይመጣና አረንጓዴ ሙጫ ይሆንብሻል፣ በዚህ አትደንግጪ። በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድና በአልኮል አፍልተሽ ሳፖኒፋይ አድርጊው፣ ቅባቱ ሳሙና ሆኖ ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ስቴሮሉ ወደ ኦርጋኒክ ሶልቨንቱ ይወጣል። ከዚያ ኮለም፣ ማለትም ውህዶቹን በዱቄት በተሞላ ቱቦ አሳልፎ መለየት።

አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። ሁለቱ ስቴሮሎች የሚለያዩት በአንድ ድርብ ቦንድ ብቻ ነው። ተራ ቲኤልሲ (ውህዶችን በስስ ሳህን ላይ በነጠብጣብ የሚለይ ቀላል ዘዴ) ላይ አንድ ቦታ ይቆማሉ። አንድ ነጠብጣብ አየሁ ብለሽ ንጹሕ ነው እንዳትዪ፣ ጂሲ ማስ (ውህዶችን ለይቶ በክብደታቸው የሚያውቅ መሣሪያ) ላይ ሲገባ ሁለት ሆኖ ይወጣል። ፈታኞችሽ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ይሄንን ነው።

ለኬሚስት ከሁሉም የሚያጓጓው ግን ፌኒልፌናሌኖን የሚባሉት ናቸው። የኔፕልስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከእምቦጭ ብዙዎቹን ነጥለው አውጥተዋል። ሙዝም በሻጋታ ሲጠቃ ራሱን ለመከላከል የዚህ ቤተሰብ ውህዶችን ይሠራል። መጠናቸው በጣም ትንሽ ስለሆነ ብዙ ዱቄትና ጥሩ ኤንኤምአር (የውህድን አወቃቀር የሚያሳይ መሣሪያ) ይፈልጋል። የኤንኤምአር ወረፋ እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ ስለዚህ ለፒኤችዲሽ አቆይው።

የአቃቂ ልጅ፦

ኬሚካሉን አላውቅም፣ ግን ቦታውን አውቀዋለሁ፣ እዚያው ነው ያደግኩት። አንድ ነገር ልጠይቅ። እኛ ሰፈር በጋ ላይ ሣር ሲጠፋ ከብቶቹ ዳር ወርደው ይሄንን እምቦጭ ይበላሉ። እናቴም ለላሟ አድርቄ ልስጣት ወይ እያለች ነው። ጥቅም ያለው ነገር ካለው ለከብት ቢሰጥ ምን ይላል? አንዳንድ ሰው ደግሞ አድርቆ ቀጥቅጦ ለቁስል ያደርገዋል። እህታችን መቼም እያጠናች ነው፣ ይሄንንም ብትነግሩን ለሁላችንም ይጠቅማል።

ቆዳ ፋብሪካ የነበርኩ፦

ልጄ፣ ለእናትህ እንዳታደርግ ንገራት። ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ አርጅቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ከፋብሪካ ምን እንደሚወጣ በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ።

ቆዳ ሲለፋ ክሮሚየም ሰልፌት ይገባበታል። ቆዳው የገባውን ሁሉ አይጠጣውም። በድሮው አሠራር ሲሶ የሚሆነው ከውሃው ጋር ይወጣል። ማጣሪያ ያለውና በትክክል የሚጠቀምበት ፋብሪካ መልሶ ይይዘዋል፣ ያልያዘው ወንዝ ይገባል። አቃቂ ዳር ደግሞ የቆዳው ብቻ አይደለም። የጨርቃ ጨርቅ ቀለም አለ፣ የብረታ ብረት ሥራ አለ፣ የጋራዥ ዘይት አለ፣ የባትሪ እርሳስ አለ፣ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ አለ። ሁሉም ወርዶ አባ ሳሙኤል ነው የሚተኛው። ግድቡ የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው፣ ግን በደለልና በቆሻሻ ምክንያት ብዙ ዓመት ቆሞ በ2009 ዓ.ም. ነው ታድሶ እንደገና የጀመረው። ደለሉን ያየ ሰው የሚወርደውን ያውቃል።

እምቦጭ ደግሞ እነዚህን ብረቶች ይመጥጣል። በዓለም ላይ ቆሻሻ ውሃ ለማጣራት ሆን ብለው የሚተክሉት ሰዎች አሉ፣ ክሮሚየም፣ እርሳስ፣ ካድሚየም የመያዝ አቅሙ ትልቅ ነው። ላሟ የበላችው እርሳስና ካድሚየም ጉበቷና ኩላሊቷ ውስጥ ይቀመጣል፣ እርሳሱ ወደ ወተቱም ያልፋል። ያንን ወተት የሚጠጣው ደግሞ ሕፃን ነው። ለቁስል የሚያደርጉትንም ንገሯቸው፣ ቅጠሉና ግንዱ ውስጥ እንደ መርፌ የሾሉ የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች አሉ፣ ቆዳን የሚያሳክኩት እነሱ ናቸው። ከዚያ ውሃ የወጣ ነገር ክፍት ቁስል ላይ ማድረግ ትልቅ አደጋ ነው።

ልጄ አንቺም ስትነቅዪ ጓንትና ቦት ጫማ አድርጊ። ውሃው ራሱ ለእጅ አይሆንም።

የአቃቂ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ለእናቴ ዛሬውኑ እነግራታለሁ። ቆስጣና ሰላጣ በዚያ ውሃ እንደሚለማ ሁሉም ያውቃል፣ ስለ ወተቱ ግን ሲያወራ የሰማሁት ሰው አልነበረም።

ከቱሉ ዲምቱ፦

ጋሼ በጣም ነው የማመሰግነው፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። አሁን ግን ጭንቀቴ ጨመረ። ብረቱ ተክሉ ውስጥ ካለ፣ የማወጣው ውህድ ሁሉ ብረት ይዞ ይመጣል ማለት ነው? ታዲያ አባ ሳሙኤልን ትቼ ንጹሕ ውሃ ያለበት ሐይቅ ልፈልግ? እኔ እኮ የፈለግኩት የሰፈሬን ችግር ነበር።

ሶክስሌት፦

አትተዪው! ጋሼ የጻፉት ነገር ቴሲስሽን ከተራ ስክሪኒንግ የሚለየው ነው። ጥያቄሽን ትንሽ አዙሪው። «እምቦጭ ውስጥ ምን አለ» የሚለውን ብዙ ሰው ሠርቶታል። «ከተበከለ ውሃ የበቀለ እምቦጭ ውስጥ የትኛውን ውህድ ብረቱን ወደ ኋላ ትቼ ማውጣት እችላለሁ» የሚለው ግን የአዲስ አበባ ዳርቻ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ለብዙ ከተማ ይጠቅማል።

እስኪ በዚህ ዓይን ውህዶቹን እንያቸው። ስቴሮል ቅባት ወዳድ ነው፣ በሄክሴን ነው የሚወጣው። የብረት ጨዎች በሄክሴን እምብዛም አይሟሙም። ስለዚህ አብዛኛው ብረት ሶክስሌቱ ካርትሪጅ (ዱቄቱ የሚቀመጥበት ከረጢት) ውስጥ ከገለባው ጋር ይቀራል ብለሽ መገመት ትችያለሽ። ቢሆንም ግምት ብቻ ነው፣ በአቶሚክ አብዞርፕሽን (የብረት መጠን የሚለካ መሣሪያ) ከማውጣትሽ በፊት ዱቄቱን፣ ካወጣሽ በኋላ ኤክስትራክቱንም ገለባውንም ለኪና የገባውና የወጣው መመጣጠኑን አሳዪ። ይሄ አንድ ሠንጠረዥ ከአሥር የቀለም ቴስት ይበልጣል።

ሺኪሚክ አሲድ በተቃራኒው ውሃ ወዳድ ነው። በውሃ ወይ በሜታኖል ስታወጪው ብረቱም አብሮ ይፈሳል። መለያየት ይቻላል፤ አሲዱ አሉታዊ ቻርጅ ስለሚይዝ አኒዮን ኤክስቼንጅ ሬዚን (አሉታዊ ቻርጅ ያላቸውን ነገሮች የሚይዝ) ላይ ይቀመጣል፣ እርሳስና ካድሚየም ፖዘቲቭ ስለሆኑ በአብዛኛው ያልፋሉ። ክሮሚየም ላይ ግን ተጠንቀቂ። ቆዳ ፋብሪካ የሚጠቀመው ባለ ሦስቱ ክሮሚየም ነው፣ እሱ ፖዘቲቭ ነው። ባለ ስድስቱ ካለ ግን ክሮሜት ሆኖ ራሱ አሉታዊ ነው፣ ከአሲድሽ ጋር አንድ ሬዚን ላይ ይጣበቃል። ባለ ስድስቱ ደግሞ ካንሰር አምጪው ነው። ለመድኃኒት የሚሆን ነገር ከዚህ ቦታ በዚህ መንገድ አወጣለሁ ማለትን እኔ አልደግፍም።

ስለ ክፍሉ ከጠየቅሽኝ ሥሩን፣ ግንዱን፣ ቅጠሉንና አበባውን ለየብቻ። ብረቱ በብዛት የሚከማቸው ሥሩ ላይ ነው፣ ወደ ቅጠል የሚወጣው በጣም ያነሰ ነው። ሥሩ ጥቁርና እንደ ላባ የተበተነ ስለሆነ ደለል ይይዛል፣ ደጋግመሽ ካላጠብሽው የምትለኪው የተክሉን ብረት ሳይሆን የጭቃውን ነው። ቅጠሉን ለስቴሮል፣ ሥሩን ለንጽጽር። አበባው ያ ሐምራዊ ቀለሙ ዴልፊኒዲን ከሚባለው አንቶሲያኒን ነው የመጣው፣ የሚያምር ነገር ነው፣ ግን ቶሎ ይረግፋል፣ ለዚህ ሥራ ባትነካኪው ይሻላል።

ማድረቂያውን በጋ ላይ አድርጊው፣ ከጥር እስከ መጋቢት። ግንዱ እንደ ስፖንጅ አየር የያዘ ስለሆነ በክረምት ጥላ ሥር ካሰጣሽው ሻግቶ ነው የሚጠብቅሽ፣ ከዚያ የተክሉን ትሁን የሻጋታውን ኬሚካል እንደምታወጪ አታውቂውም። በጋ ላይ ደግሞ ወንዙ ስለሚቀንስ ፍሳሹ ይወፍራል፣ ብረቱም በደንብ ይታያል።

ምርትና ገበያ፦

ዘግይቼ ነው የገባሁት። ቃሊቲ በኩል አነስተኛ ማምረቻ አለኝ፣ ኬሚካል ነክ ነገር ላይ ነው የምሠራው። ስለ እምቦጭ ብዙ ወጣቶች እየመጡ ያማክሩኛል፣ ሁሉም የሚያነሱት መድኃኒት መድኃኒት ነው። ከመድኃኒት በፊት ፉርፉራልን አይታችሁታል?

እምቦጭ ውስጥ ከደረቁ ክብደት ሩብ ወይም ሲሶ ገደማ ሄሚሴሉሎስ ነው። ሊግኒኑ ደግሞ ከእንጨት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፣ ለመፍረስ አያስቸግርም። በሰልፈሪክ አሲድና በሙቀት ሲፈርስ መጀመሪያ ዛይሎስ ይሆናል፣ ቀጥሎ ፉርፉራል። ፉርፉራል ከእንፋሎት ጋር አብሮ ይወጣል። ከላይ ስለ ብረት የተባለውን ሳነብ ወዲያው የመጣልኝ ይሄ ነው፤ እርሳስና ክሮሚየም በዚያ ሙቀት አይተኑም፣ ድስቱ ውስጥ ይቀራሉ። ፉርፉራል ሶልቨንት ነው፣ ፉርፉሪል አልኮል ተደርጎም ብረት ማቅለጫ ቤቶች ለአሸዋ ሻጋታ የሚጠቀሙበት ሬዚን ይሆናል። ለሰው ሆድ የሚገባ ነገር አይደለም፣ ስለዚህ ከቆሸሸ ውሃ ቢመጣም ሕሊናዬን አይከብደኝም።

ግን እውነቱን ልናገር። ትልቁ ወጪ ኬሚስትሪው አይደለም፣ ውሃ መሸከሙ ነው። አይሱዙ ጭነሽ ከአባ ሳሙኤል ቃሊቲ ብታመጪ ከጫንሽው ከአሥር ዘጠኙ እጅ ውሃ ነው፣ ነዳጅ የምታቃጥዪው ለውሃ ነው። እዚያው ዳር ላይ ካልተጨመቀና ካልደረቀ በምንም መንገድ አያዋጣም። ከመጭመቂያው የሚወጣውስ ውሃ ወዴት ይሄዳል? ተመልሶ ግድቡ ውስጥ ከገባ ምን ሠራን? ይሄንን የሚመልስልኝ ሰው ካለ አብሬው ለመሥራት ዝግጁ ነኝ።

ቆዳ ፋብሪካ የነበርኩ፦

ጥያቄህ ተገቢ ነው። እኔም አንድ ልጨምር። ድስቱ ውስጥ የቀረው አሲድና ብረት፣ ሶክስሌቱ ውስጥ የቀረው ገለባ፣ እሱስ? ብረት አይበሰብስም፣ አይጠፋም። ለኮምፖስት እንዳትሰጡት፣ ጎመን ላይ ይመጣል። ባዮጋዝም ብታደርጉት ጋዙ ይወጣል እንጂ ብረቱ ዝቃጩ ውስጥ ነው የሚቀረው። አቃጥላችሁ አመዱን በፕላስቲክ በርሜል መያዝ ይሻላል፣ ቢያንስ ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው፣ ስንት ብረት ከወንዙ እንዳወጣችሁም ትለኩበታላችሁ። ስታቃጥሉ ግን ሰፈር መሃል አይሁን፣ ከጭሱ ጋር የሚሄድም አለ።

ፋብሪካ እያለሁ ሁሌ የምንለው «ይወጣል» ነበር፣ ወዴት እንደሚወጣ የሚጠይቅ አልነበረም። እናንተ ከመጀመሩ ጠይቁ።

ከቱሉ ዲምቱ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ርዕሱን እንዲህ ላድርገው ብዬ አስቤያለሁ፦ ከአባ ሳሙኤል እምቦጭ ቅጠል ስቲግማስቴሮልና ቤታ ሲቶስቴሮል ማውጣት፣ ከነከባድ ብረቶቹ ጉዞ። ከተቻለ ፉርፉራሉን በትንሹ ሞክሬ ብረቱ ድስት ውስጥ መቅረቱን ላይ። መድኃኒት የሚለውን ቃል ከፕሮፖዛሉ አወጣዋለሁ።

ሁለት ነገር ብቻ ቀረኝ። ናሙናውን ከግድቡ ወደ ላብ ስወስድ አረሙን እንዳላዛምት ምን ላድርግ? ተክሉ እምቦጭ መሆኑንስ በወረቀት የሚያረጋግጥልኝ ማን ነው?

ሶክስሌት፦

ማረጋገጫው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሐርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ናሙና ማስቀመጫ) ነው። አበባ ያለው ሙሉ ተክል ከነሥሩ በጋዜጣ መካከል ተጭነሽ አድርቀሽ ውሰጂላቸው፣ የቫውቸር (የናሙና መዝገብ) ቁጥር ይሰጡሻል፣ እሱን ቴሲስሽ ላይ ትጽፊዋለሽ። ሳይንሳዊ ስሙን ድሮ አይክሆርኒያ ክራሲፔስ ነበር የሚሉት፣ አሁን ፖንቴዴሪያ ክራሲፔስ ተብሏል። ሁለቱንም ጻፊ፣ የቆዩ ጽሑፎችን የሚፈልግ ሰው በድሮው ስም ነው የሚያገኛቸው።

ስለ መዛመቱ፣ የአበባው ዘለላ ካለቀ ፍሬ ይይዛል፣ ፍሬው ደግሞ ጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ቆይቶ ሊበቅል ይችላል። ከቁራጭ ግንድም ያቆጠቁጣል። ለሐርባሪየም ከምትወስጂው በስተቀር አበባና ፍሬ ያለውን እዚያው ቁረጪና ተዪው። ቀሪውን ቅጠሉን ከሥሩ ለይተሽ፣ በግድቡ ውሃ አለቅልቀሽ፣ በሁለት ድርብ ከረጢት ዝጊ። መጨረሻ ላይ በንጹሕ ውሃ የምታጥቢው ላብ ነው፣ እጣቢው ግን ጓሮ ቦይ ውስጥ እንዳይፈስ፣ በወንፊት አጥልዪው። ቦትሽንና ባልዲሽንም እዚያው ዳር ላይ ጭቃውን አራግፊ፣ በተለይ ከዚያ ቀጥሎ ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች የምትሄጂ ከሆነ።

የተጠቀምሽበትን ሄክሴንና ሜታኖልም ሲንክ ውስጥ አትድፊ። የቱም ሲንክ ይሁን መጨረሻው አቃቂ ነው። ሮታቫፕ (ሶልቨንት አትንኖ መልሶ የሚሰበስብ የላብ ዕቃ) ላይ መልሰሽ ሰብስቢው፣ ሄክሴኑ ለሚቀጥለው ዙር ይሆንሻል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ናሙና በምትወስጂበት ቀን ከዚያው ነጥብ ውሃውንና ደለሉንም በጠርሙስ ያዢ። የውሃው ጠርሙስ ውስጥ ናይትሪክ አሲድ ጠብ አድርጊበት፣ አለበለዚያ ብረቱ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ወንዙ የሚገባበትን ጫፍና የግድቡን ግንብ አጠገብ ለየብቻ።

ምርትና ገበያ፦

ለፉርፉራሉ ሙከራ ማጣሪያ ዕቃና አሲድ ካጠረሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ እህቴ። ጥር ላይ ስትነቅዪም አንድ ሁለት ሠራተኛና መጭመቂያ ይዤ እመጣለሁ፣ ከመጭመቂያው የሚወጣውን ውሃም አብረን እንለካዋለን።

ከቱሉ ዲምቱ፦

ጽፌልሃለሁ፣ ውስጥ መስመር እየው። የአቃቂ ልጅ፣ ዳሩን ስለምታውቀው ጭቃው የማያሰምጥበትን መግቢያ ብታሳየን ደስ ይለኛል።

የአቃቂ ልጅ፦

አለሁ። በጠዋት ነው መግባት ያለባችሁ፣ ከሰዓት ነፋሱ አረሙን ወደ ሌላኛው ዳር ይገፋዋል። ጀልባ ያላቸውንም ልጆች አናግራቸዋለሁ።